ተቅማጡ የማን ነው?

የዛሬው ወሬ ለማዕድ አይሆንም፤ ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ግንቦት 1832 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከኤድንብራ ጥግ ሊዝ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ኮሌራ ገብቶባታል። ቶማስ ላታ የሚባል ሐኪም አንዲት አሮጊት አልጋ አጠገብ ቆሟል። የዘመኑ ሕክምና ሁሉ ተሞክሮላቸው አልሆነም። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ገላቸው ቀዝቅዟል፣ የእጃቸው የደም ትርታ ቢፈለግ የለም። ላታ ጨው የገባበት ውሃ በደም ሥራቸው መስጠት ጀመረ። ዛሬ "ግሉኮስ ተሰቀለለት" የምንለው ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ጨመረ። አሁንም ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ አተነፋፈሳቸው ተስተካከለ፣ የሰመጠው ዓይናቸው ብርሃን አገኘ፣ ትርታቸው ተመለሰ። ወደ ሦስት ሊትር ገደማ ሲገባላቸው፣ አበቃላቸው የተባሉት ሴት ነፍስ ዘሩ። ላታ ደክሞት ስለነበር ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ ግን ተመለሰ፤ የወጣውን መልሶ የሚተካ አልነበረም። በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ በነገርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። "ቲቸር፣ ባክቴሪያው ግን ምን ይጠቀማል? የሚኖርበትን ሰው ገድሎ የት ሊገባ ነው?"

ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነው። ሳይንስ በቅጡ ሊመልሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፣ አሁንም ክርክሩ አልተዘጋም። ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐኪሞች የበሽታን ምልክት የሚረዱበት መንገድ በተለወጠ ቁጥር፣ አልጋ ላይ ያለው ሰው የሚሰጠው ነገር ተለውጧል። የሚድነውና የሚሞተውም በዚያው ልክ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የበሽታ ምልክት ስታዩ፣ ትኩሳት ይሁን ሳል፣ "ይህ የማን ሥራ ነው?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሰውነታችን ራሱን ሲከላከል ይሆን? ጀርሙ ለራሱ እንዲመቸው እያደረገን ይሆን? ወይስ ለማንም የማይጠቅም፣ እንዲሁ የመጣ ብልሽት? የኮሌራ ታሪክ ይህ ጥያቄ ብዙ ሕይወት ያስከፈለበት ታሪክ ነው።

የላታን ሥራ ያስጀመረው ኦሾኔሲ የሚባል ገና ሃያዎቹን የጀመረ አየርላንዳዊ ነበር። በ1831 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ሰንደርላንድ ወርዶ የኮሌራ በሽተኞችን ደም መረመረ። ደሙ ውሃውንና ጨውን አጥቶ ወፍሯል። እንግዲያው የጎደለውን መልሱለት አለ። ላታ ሞከረው፤ የዳኑ ሰዎችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተድበስብሶ ቀረ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ላታ ራሱ በ1833 ሞተ። የሚሰጠው ውሃ ከጀርም የጸዳ አልነበረም። ሕክምናው የሚጀመረውም ነፍስ ልትወጣ ስትል ነበር። ከሁሉ በላይ ያስቀረው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሐኪሞቹ ተቅማጡን ያነበቡበት መንገድ ነው።

ለብዙዎቹ ተቅማጥ ማለት ሰውነት መርዙን የሚያስወጣበት በር ነበር። በሩን ከዘጋህ መርዙ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ከቻልክ ይበልጥ ክፈተው። በዚህ አስተሳሰብ ውሃው አልቆ ጣቱ ለተጨማደደ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። አልፎ ተርፎም ደም ያፈሱታል። በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የነበረው ጆርጅ ጆንሰን፣ የተማረና የተከበረ ሐኪም፣ ለኮሌራ በሽተኛ የጉሎ ዘይት እንዲሰጥ በጽሑፍ ሁሉ ተሟግቷል። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ያው ጉሎ!

ሰውየው ላይ ለመሳቅ አትቸኩሉ። ሐሳቡ በራሱ የጅል ሐሳብ አልነበረም፤ ያዋለበት ቦታ ነው የከፋው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሽጌላን ውሰዱ። በ1973 ዱፖንትና ሆርኒክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሽጌላ ለያዛቸው በጎ ፈቃደኞች ሎሞቲል የሚባለውን ተቅማጥ አቋራጭ መድኃኒት ሰጥተው ውጤቱን አሳተሙ። ተቅማጡን ማቆም አልጠቀማቸውም። መድኃኒቱን የወሰዱት ትኩሳታቸው ሰነበተባቸው። እዚህ ላይ አንጀት የሚበላውን ጀርም እየጠረገ ማስወጣት፣ ቢያንስ በከፊል፣ የሰውነት መከላከያ ነው ማለት ነው። ጆንሰን ስለ ሽጌላ ቢናገር ኖሮ ግማሹን ይመታው ነበር። ሁለቱም ተቅማጥ ነው፤ ባለቤቱ ግን ይለያያል።

አሁን ጆን ስኖው ጋ እንሂድ። የብሮድ ጎዳናውን የውሃ ፓምፕ ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከፓምፑ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1849፣ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የዘመኑ ሰው ኮሌራ በመጥፎ አየር ይመጣል ይላል። ስኖው ደግሞ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ በአየር ቢመጣ ኖሮ መጀመሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አጠቃላይ ሕመም ይታይ ነበር። ኮሌራ ግን የሚጀምረው ከአንጀት ነው። ስለዚህ የተዋጠ ነገር ነው። ከአንጀት የሚወጣው ደግሞ ወደ ሌላ ሰው አፍ መንገድ ማግኘት አለበት። መንገዱ ውሃ ነው። ማይክሮስኮፕ ሳይነካ፣ ጀርም የሚባል ነገር ማንም ሳያሳየው፣ ከምልክቱ ብቻ ተነስቶ መንገዱን አገኘው።

በ1854 ማረጋገጫው መጣለት። ደቡብ ለንደን ውስጥ ሁለት የውሃ ድርጅቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ጎዳና ላይ፣ ቤት ለቤት ተቀላቅለው ያድሉ ነበር። ላምቤዝ የሚባለው መቅጃውን ከቴምዝ ወንዝ ላይ ከከተማው በላይ አንስቶታል። ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆል ግን ከከተማው ቆሻሻ በታች መቅዳቱን ቀጥሏል። ወረርሽኙ በጀመረ በሰባት ሳምንት ውስጥ ስኖው ሟቾቹን ቆጠረ። በ10,000 ቤት 315 ከሳውዝዋርኩ፣ 37 ከላምቤዙ።

አስተምር በነበረ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ እናሰምር ነበር። መንስኤ፣ ምልክት፣ መተላለፊያ መንገድ፣ መከላከያ። ለፈተና ይመቻል። ያኔም በምልክትና በመተላለፊያ መሀል ያለችውን መስመር አታድምቋት እላችሁ ነበር፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኮሌራ ላይ ያቺ መስመር የለችም። ተቅማጡ ምልክት ነው፣ ተቅማጡ መተላለፊያ ነው። ስኖው ያየው ይህንን ነው።

(በነገራችን ላይ "አተት" የሚለውን ስም አስተውላችሁታል? አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንሰማው ከረምን። ስሙ ከአራቱ ዓምድ ሁለተኛውን ብቻ የሚናገር ስም ነው። መንስኤው ስሙ ውስጥ የለም። ለምን እንዲህ እንደሚባል ሁላችንም የየራሳችን ግምት ስላለን ዛሬ አልገባበትም።)

ባክቴሪያውን ጣሊያናዊው ፓቺኒ በዚያው በ1854 ፍሎረንስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ሰሚ አላገኘም። ሮበርት ኮክ በ1884 ከካልካታ ሲያሳውቅ ግን ዓለም አጨበጨበ። ኮክ መርዝ መኖር አለበት ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ሆኖም ለሰባ አምስት ዓመት ማንም አላረጋገጠውም። ያረጋገጠው ካልካታ ውስጥ በጣም ውስን በሆነ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሻምቡ ናት ዴ የሚባል ሕንዳዊ ነው። የጥንቸል አንጀት ከሁለት ቦታ አስሮ፣ መሀሉ ላይ የኮሌራ ባክቴሪያ ያደገበትን ፈሳሽ፣ ባክቴሪያውን ራሱን አጣርቶ አውጥቶ፣ ጨመረበት። አንጀቱ በውሃ ተነፋ። ሕይወት ያለው ጀርም ሳይኖር ኮሌራ! በ1959 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣው። የኖቤል ተሸላሚው ጆሹዋ ሌደርበርግ ለሽልማቱ ጠቁሞት ነበር፤ አልተሰጠውም። እኔ ብጠየቅ ከኮክ እኩል ስሙ መጠራት ያለበት ሰው ነው እላለሁ።

መርዙ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንጀታችንን የሸፈኑት ሕዋሳት ጨውና ውሃ የሚያስገቡባቸውና የሚያስወጡባቸው በሮች አሏቸው። በሩን የሚያዝዝ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ያለ ነገር ሕዋሱ ውስጥ አለ። የኮሌራ መርዝ ማብሪያው ላይ ይጣበቅና "በርቶ ይቅር" ይለዋል። ጨው ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ውሃ ጨውን ይከተላል። ከባድ ኮሌራ የያዘው ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። የሚወጣው ዓይነ ምድር እንኳ አይመስልም። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድሮ ሐኪሞች የኮሌራ አንጀት ሽፋኑ ተልጦ ነው የሚፈሰው ይሉ ነበር። በ1960 አካባቢ ዩጂን ጋንጋሮሳ ባንኮክ ውስጥ ከበሽተኞች አንጀት ትንሽ ቁራጭ እየወሰደ ሲያይ፣ ሽፋኑ ደህና ነው! አልተቃጠለም፣ አልተበላም። ቤቱ ሳይፈርስ ቧንቧው ብቻ ተከፍቶ ቀርቷል። እንግዲህ ይህ ብልሽት አይመስልም። ሰውነትም ራሱን ሲከላከል አይመስልም፤ ትእዛዙ የመጣው ከውጭ ነውና። ታዲያ የማን ሥራ ነው?

የባክቴሪያው ነው። ዝግመተ ለውጥ ሲባል ዝንጀሮ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ወዳጆቼ ትንሽ ታገሱኝ፤ እዚህ የምናወራው በቀን ውስጥ ብዙ ትውልድ ስለሚተካ ፍጥረት ነው። ባክቴሪያ አያስብም፣ አይመኝም፣ አያሴርም። ነገር ግን ከብዙዎቹ መሀል ሰውየውን የሚያስቀምጠው ዝርያ ወደሚቀጥለው ሰው የሚደርሰው በብዛት ከሆነ፣ ከትውልድ በኋላ የሚበዛው እሱ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የኮሌራ በሽተኛ በሚያስወጣው ውሃ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ መቶ ሚሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ይገኛል። በ2002 ሜሬልና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ከሰው አንጀት የወጣው ባክቴሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካደገው ይልቅ አይጦችን አጥብቆ ይይዛል። በ2019 ደግሞ መርዙ አንጀት ውስጥ ለባክቴሪያው ምግብ እንደሚያስለቅቅለት ተገኘ። ማለትም መርዙ መንገድ ብቻ አይደለም፣ ስንቅም ነው።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር፤ ከወራጁ ወጣ ይላል። በ1996 ዋልዶርና መካላኖስ የመርዙ ዘረ መል የባክቴሪያው የራሱ እንዳልሆነ አሳዩ። ባክቴሪያውን የሚያጠቃ ቫይረስ ተሸክሞ ያስገባለት ነው! አብዛኛው የኮሌራ ቤተሰብ በወንዝ አፍና በባሕር ዳር፣ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ላይ ተለጥፎ፣ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። መርዝ የለውም። ወረርሽኝ የሚያስነሱት ቫይረሱ የጎበኛቸው ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ "ተቅማጡ የማን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በጥብቅ ካያችሁት፣ የባክቴሪያው እንግዳ የሆነው የቫይረሱም ድርሻ አለበት። ውሃው በፈሰሰ ቁጥር እሱም አብሮ ይባዛል።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። "የሚኖርበትን ገድሎ የት ሊገባ?"

ለረጅም ጊዜ ትልልቆቹ ሊቃውንት ራሳቸው እንደዚህ ያስቡ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴኦባልድ ስሚዝ፣ በ1935 ደግሞ ሃንስ ዚንሰር ስለ ተስቦ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ጥገኛና ባለቤት ረጅም ዘመን አብረው ከኖሩ እየተላመዱ ይሄዳሉ ብለው አስተማሩ። ከባድ በሽታ አዲስ በሽታ ነው፤ ሲያረጅ ይለዝባል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንግዳም ቢሆን የሰነበተበትን ቤት አያቃጥልም አይደል? ችግሩ፣ ይህ ሐሳብ "ቆዩ፣ ይለዝባል" ወደሚል ስንፍና ይወስዳል።

ሐሳቡን የፈተነው ጥንቸል ነው። በ1950 አውስትራሊያ ውስጥ እርሻ ያጠፋውን ጥንቸል ለመጨረስ ሚክሶማ የሚባል ቫይረስ ለቀቁበት (ባክቴሪያ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው)። መጀመሪያ የያዘውን ጥንቸል ሁሉ ማለት ይቻላል ይገድል ነበር። ፍራንክ ፌነር በየዓመቱ እየተከታተለ ለካው። ቫይረሱ ለዘበ፤ ግን ገር አልሆነም። መሀል ላይ ቆመ፣ አሁንም ከሚይዛቸው ብዙዎቹን የሚገድል ሆኖ። ቶሎ ከገደለ ትንኟና ቁንጫው ወደ ሌላ ሳያደርሱት ጥንቸሉ ይሞታል። በጣም ከለዘበ ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ይሆንና ተሸካሚዎቹ የሚያነሱት ነገር ያጣሉ። በ1980ዎቹ አንደርሰንና ሜይ ይህንን ወደ ሒሳብ ለወጡት። የሚመረጠው ገሩም ጨካኙም አይደለም፣ በጠቅላላው ብዙ ጋ የሚደርሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "በሽታው ስንት ዓመቱ ነው?" ሳይሆን "በምን ይጓዛል?" ሆነ። የጉንፋን ሰው ተነስቶ ታክሲ ካልገባ፣ ቢሮ ካልሄደ አያስተላልፍም፤ አልጋ ላይ የሚጥል ጉንፋን መንገዱን ይዘጋል። ኮሌራ ግን በሽተኛው እንዲራመድለት አያስፈልገውም። ሰውየው ተኝቶ ውሃው ይራመድለታል። የሚያስታምሙት ሰዎች አንሶላውን ወንዝ ወስደው ያጥቡለታል፣ ጉድጓድ ከሌለ ዝናብ ሲመጣ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ፖል ኢዋልድ የሚባል አሜሪካዊ ይህንን አጥብቆ ተከራከረ። ውሃው የቆሸሸ አገር ውስጥ ከባዱ ዝርያ ያተርፋል፤ ውሃውን ካጸዳችሁ ግን ሰው ማዳን ብቻ ሳይሆን ጀርሙን ራሱን ወደ ልዝቡ ትገፉታላችሁ አለ። ውሃ በጸዳባቸው አገሮች ከባዱ የሽጌላ ዓይነት ቦታውን ለቆ ቀለል ያለው ሶኔይ የሚባለው መግነኑን እንደ ምስክር ይጠራል።

ከዚያ በጥር 1991 ኮሌራ ፔሩ ገባ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው ለደቡብ አሜሪካ። በዚያው ዓመት ፔሩ ውስጥ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰው ታመመ። ጎረቤት ቺሊ ግን ውሃዋ የተሻለ ነበር፣ ሳንቲያጎ ዙሪያ አትክልት በፍሳሽ ቆሻሻ ማጠጣትንም ቶሎ አስቆመች። ከሃምሳ ያልበለጠ በሽተኛ ታየባት። ኢዋልድና ባልደረቦቹ ከየአገሩ የተቀመጡ ባክቴሪያዎችን ወስደው የሚያመርቱትን መርዝ ለኩ። የቺሊዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ መርዛቸው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ውሃው ደህና ባልነበረበት ኢኳዶር ግን ቅነሳ አልታየም።

ደስ ይላል አይደል? ግን ቆዩ። ናሙናው ትንሽ ነው፣ የተቹትም ሳይንቲስቶች ብዙ ናቸው። እኔ ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ አንድ ሐሳብ ስለተወደደ ግን እውነት አይሆንም። እንዲያውም ሌላ ታሪክ አለ። ከ1961 ጀምሮ ዓለምን የዞረው ኤል ቶር የሚባለው የኮሌራ ዓይነት ነው፤ በ1970 አፍሪካን ሲይዝ ኢትዮጵያም ደረሰ። ከድሮው ዓይነት ይለዝባል። ከሚይዛቸው ብዙዎቹ ምልክት እንኳ አያሳዩም፣ እየተራመዱ ያሰራጩታል፣ ውሃ ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቆያል። የድሮውን ከየቦታው አስወጣው። የስሚዝ ወገኖች "አላልናችሁም?" ሊሉ ይችሉ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን የኤል ቶር አካል ይዞ የድሮውን ዓይነት መርዝ የያዘ ዝርያ ተነሣ። በጥቅምት 2010 በመሬት መንቀጥቀጥ የተመታችው ሄይቲ የገባው እንዲህ ያለው ነው። ከ800,000 በላይ ታመሙ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ጠንካራ ተጓዥም ከባድ ገዳይም በአንድ አካል። "ቆዩ፣ ይለዝባል" ያልነው በሽታ ነው ይህ።

እዚህ ላይ ሁሉም ምልክት ጥቅም አለው ብላችሁ እንዳትሄዱ አንድ ተቃራኒ ልንገራችሁ። ማጅራት ገትር። ስሙ ራሱ ምልክቱ ነው፤ ማጅራትን የሚገትር። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ የሚባለው ውስጥ ነን። ዋናው ባክቴሪያ ከአሥር ሰው ባንዱ ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ያለ ምንም ሕመም ይኖራል። የሚተላለፈውም ከዚያው፣ በትንፋሽና በምራቅ ነው። አንዳንዴ ግን ወደ ደምና ወደ አንጎል ሽፋን ይገባል፣ ሰውየው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከአንጎል ሽፋን ወደ ሌላ ሰው የሚወስድ መንገድ የለም! ለባክቴሪያውም ሞቱ ነው። ሌቪንና በል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1994 ይህን አርቆ የማያይ ዝግመተ ለውጥ ብለውታል። አንድ ሰው ውስጥ ለጥቂት ቀን የሚያሸንፈው፣ ከዚያ ሰው ውጭ የትም የማይደርሰው። የአንገቱ መገተር ባለቤት የለውም። የሚያስጮኸው ሕመም ለማንም አይጠቅምም። ተማሪዬ ስለ ማጅራት ገትር ጠይቆ ቢሆን ኖሮ "ምንም አይጠቀምም" ብዬ ባጭሩ እመልስለት ነበር።

አሁን ወደ ላታ አሮጊት እንመለስ፤ መጨረሻው ያምራልና።

ኮሌራ በሩን ከፍቶ ሲተው አንድ ሌላ በር ሳይነካ ይቀራል። ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡ ብቻ የሚከፈት፣ ሁለቱንም ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው። ሮበርት ክሬን በ1960 አሠራሩን አስረዳ። በ1968 ዳካ ውስጥ ናሊንና ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ለኮሌራ በሽተኞች ስኳርና ጨው ያለው ውሃ በአፍ እየሰጡ አብዛኛውን የደም ሥር ፈሳሽ ማስቀረት እንደሚቻል አሳዩ። ብዙ ሐኪም ግን አላመነም። የሚያስመልስና የሚያስቀምጠው ሰው ውሃ ጠጥቶ ይድናል ብሎ ማን ያምናል?

በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ተነሣ። ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ሕንድ ገቡ፣ ኮሌራም አብሮ ገባ። ቦንጋኦን በምትባል ከተማ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል የካልካታ ሐኪም ደረሰ። አልጋው ሞልቶ በሽተኛው መሬት ላይ ተኝቷል፣ ወለሉ በተቅማጥና በትውከት ርሷል፤ ሊሰቅል ተንበርክኮ ይሠራል። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ነው። በዚህ ጊዜ ስኳር፣ ጨውና ሶዳ ካልካታ ውስጥ እያስመዘነ በጥቅል አስመጣ፣ በርሜል ውስጥ በውሃ አስበጠበጠው፣ በርሜሉ ላይ ቧንቧ አስገጠመለት። በኩባያ እየቀዱ የሚያጠጡት ነርሶች ብቻ አልነበሩም፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ ጎረቤቶች ናቸው። ኮሌራ በዚያ ካምፕ ከመቶ ሠላሳ ያህሉን ይገድል ነበር። በርሜሉ ከመጣ በኋላ ከ3,000 በላይ በሽተኞች ታክመው የሞቱት 3.6 በመቶ ናቸው። እኛ አገር "ሕይወት አድን ንጥረ ነገር" ብለን በከረጢት የምናውቀው ከዚያ መስመር የመጣ ነው። የሞቱት አሮጊት ያጡት ሌላ ምንም አልነበረም፤ የሚተካላቸው ሰው ብቻ ነው። ቦንጋኦን ላይ እህት ከነኩባያዋ አጠገብ ተቀምጣለች።

ይህ ውሃ ተቅማጡን አያቆምም። አንዳንድ እናቶች "አልሠራለትም፣ አሁንም ያስቀምጠዋል" ብለው የሚተዉት ለዚህ ነው፤ እባካችሁ ለጎረቤትም ንገሩ፣ ሥራው እሱ አይደለም። የፈሰሰውን ይተካል፣ መፍሰሱን አይነካም። ልጁ ይድናል፤ ባክቴሪያው ደግሞ እንደ ልማዱ መቶ ሚሊዮኑን በየሚሊ ሊትሩ ይልካል። ያ ውሃ የሚወርድበት ጉድጓድ ከምንጩ ስንት እርምጃ ነው የሚለው ግን የሐኪም ጥያቄ አይደለም። የማዘጋጃ ቤት ጥያቄ ነው።

ስለ ቅማልና ስለሚያገረሽ ትኩሳት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እሱ የባሰ ጉድ ነው። ቅማል ትኩሳት ስለማትወድ የጋለውን ገላ ትታ ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለች፤ የትኩሳቱን ባለቤት እናንተው ገምቱ። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።